ቦዲው መጨረሻ ነው፦ «አንድ ፉል ፍሬም ለሁሉም ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጥምቀትና የጥር ሰርግ ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ካሜራ ፈላጊው ይበዛል። ሰሞኑን ስለ ዲኤስኤልአር ካሜራ (ውስጡ መስተዋት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) አመራረጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል፤ ፎቶ ቤት ከፍተው የሚሠሩትም፣ ሥራውን ሊጀምሩ ገንዘብ የሚያጠራቅሙትም እንደ መመሪያ ይዘውታል። የጸሐፊው ቅንነት አያጠራጥርም፤ ካሜራም ያውቃሉ። ምክራቸውን እንዳለ የተከተለ ወጣት ግን የእቁብ ዕጣውን ወይም ከዘመድ የተበደረውን ብር ለሥራው በማይሆን ዕቃ ላይ ይጨርሰዋል። ዝም ብሎ ማለፍ ያልተቻለው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የተባለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ተከፍሎት የሚሠራ ባለሙያ ፉል ፍሬም ካሜራ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ ክፍል (ሴንሰሩ) ትልቅ የሆነውን፣ መያዝ አለበት፤ ክሮፕ ሴንሰር፣ ማለትም አነስ ያለው፣ የተማሪ ነው። ከሁለት ካሜራ ሜጋፒክሰሉ (የምስሉ ነጥብ ብዛት በሚሊዮን) የሚበልጠው ይመረጥ። ገንዘቡ ቦዲው (ሌንስ ያልተገጠመበት ካሜራ) ላይ ይዋል፣ ሌንስ በኋላ ይደርሳል፤ ጥሩ ቦዲ ከተያዘ ሰርጉም፣ ስቱዲዮውም፣ ስሜን ተራራውም በዚያው ይሠራል። ጎንደር ላይ የሚያዋጣው ካኖን ነው። ያገለገለ ካሜራ ሹተር ካውንቱ (እስካሁን ያነሣው ምስል ብዛት) ከ50 ሺህ በታች ከሆነ ሌላ ምርመራ አያሻውም። በመጨረሻም አቅሙ ያለው ሰው ዲኤስኤልአርን ትቶ ሚረርለስ (መስተዋት የሌለውን አዲሱን ዓይነት) ይግዛ። በተራ እንያቸው።

«ባለሙያ ፉል ፍሬም ይይዛል»

እውነት የሆነውን አስቀድሜ ልቀበል። ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የካኖን ክሮፕ 22.3 በ14.9፣ የኒኮን ደግሞ 23.5 በ15.6 ገደማ ነው። በስፋት ሲሰላ ፉል ፍሬሙ ከካኖኑ ክሮፕ 2.6 ጊዜ፣ ከኒኮኑ 2.4 ጊዜ ያህል ይሰፋል። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ የሚሰበስበው ብርሃንም በዚያው ልክ ይበዛል፤ ጨለም ባለ ቦታ ምስሉ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ግን የገዥው ኪስ አንድ ስለሆነ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ አያውቅም። ቦዲው ላይ የወጣው ብር ሌንሱ ላይ ይጎድላል። ስለዚህ የሚወዳደሩት ሁለት ቦዲዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ በአንድ ብር የሚገዙ ሁለት ሙሉ ዕቃዎች ናቸው።

ምሳሌው ተክሊል ይሁን። ሥርዓቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ብርሃኑ ትንሽ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ካህናቱንም ምእመናኑንም ይረብሻል። በኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ በ1/125 ሰከንድ (ሹተሩ፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ፣ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) እና በአይሶ 3200 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲበዛ ምስሉ ይሻክራል) ብርሃኑ ልክ የሚመጣበትን ቦታ እንውሰድ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 (በሚሊ ሜትር፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል) ኪት ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ስለዚህ በዚያው የሹተር ፍጥነት አይሶውን 12800 ያስደርሳል። ከሌንስ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው 50 ኤፍ 1.8 እዚያው ቦታ ላይ በ1250 ገደማ ይጨርሰዋል። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 1.8 የሚገባው የብርሃን ልዩነት ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ከክሮፕ ወደ ፉል ፍሬም ሲታለፍ የሚገኘው ከ2.6 እጥፍ አይበልጥም። ርካሹ ሌንስ ከውዱ ሴንሰር የበለጠ ብርሃን ይሰጣል ማለት ነው።

ዙም ካስፈለገም ስሌቱ ያው ነው። አንዱ ሰው ክሮፕ የሆነውን ካኖን 80ዲ ከ17-50 ኤፍ 2.8 ጋር ያዘ፤ ሌላው ፉል ፍሬም የሆነውን ካኖን 6ዲ ከ24-105 ኤፍ 4 ጋር ያዘ። ሁለቱም 1/125 ላይ ይሠራሉ። የመጀመሪያው አይሶ 3200 ሲጠቀም ሁለተኛው 6400 ያስፈልገዋል። ፉል ፍሬሙ በሴንሰሩ ያተረፈውን አብዛኛውን በሌንሱ ይመልሰዋል፤ የሚቀረው ልዩነት የአንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ሲሶ ገደማ ነው፣ አልበም ላይ ማንም አይለየውም።

ፉል ፍሬም በእርግጥ የሚያሸንፈው ከሱ የሚመጥን ሌንስ ሲገጠምለት ነው፦ 24-70 ኤፍ 2.8፣ ወይም 35 እና 85 የሆኑ ዙም የሌላቸው ሌንሶች። ሰርግ ዋና ሥራው የሆነ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት የሚይዝ ሰው፣ ቦዲውንም ሌንሱንም አብሮ መግዛት ከቻለ ይግዛ፤ አልከራከርም። ቦዲውን ገዝቶ የሌንሱን «እናያለን» ለሚል ሰው ግን ክሮፕ ይሻለዋል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ጽሑፉ አላነሣውም። ኢኤፍ ኤስ የተባሉት የካኖን ክሮፕ ሌንሶች ካኖን ፉል ፍሬም ላይ አይገጥሙም። 600ዲውን ሸጦ «ሌንሱን አስቀርቼ 6ዲ እገዛለሁ» ያለ ሰው 18-55ቱም 55-250ውም ከንቱ ይቀሩበታል። ኒኮን ላይ የክሮፑ ሌንስ ይገጥማል፤ ካሜራው ግን የሴንሰሩን መካከል ብቻ ስለሚጠቀም የፉል ፍሬሙ ዲ750 24 ሜጋፒክሰል ወደ 10 ይወርዳል።

«ሜጋፒክሰሉ የበዛው ይመረጥ»

ይህን በአጭሩ። 24 ሜጋፒክሰል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታጠብ 51 በ34 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። 18 ሜጋፒክሰሉ እንኳ 44 በ29 ይደርሳል። 20 በ30 ገጽ ላለው አልበም 8.4 ሜጋፒክሰል ይበቃል። ለስልክ ከሆነማ ቴሌግራም በፋይል ካልተላከ ምስሉን አሳንሶ ነው የሚያደርሰው።

ብዛቱ ዋጋም ያስከፍላል። የ45 ሜጋፒክሰሉ ኒኮን ዲ850 አንድ ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) 50 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የዲ750 ወደ 28። ሁለት ሺህ ምስል በሚነሣበት ሰርግ አንዱ 100 ጊጋባይት፣ ሌላው 56 ይወስዳል፤ ካርዱ፣ ሃርድ ዲስኩና ኮምፒውተሩ ሁሉ አብረው ማደግ አለባቸው። የእጅ መንቀጥቀጥና የሌንስ ድክመትም 45 ሜጋፒክሰል ላይ ጎልቶ ይወጣል። ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑበት ቦታ ምስሉ ብዙ የሚቆረጥበት ሥራ ነው። ለምሳሌ ፋሲል ግቢን ከቅርብ ሲያነሡ ካሜራው ወደ ላይ ካዘነበለ ግንቡ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። መፍትሔው ራቅ ብሎ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ አንሥቶ ከታች የተረፈውን ሜዳ መቁረጥ ነው፤ ያኔ ትርፍ ሜጋፒክሰል ይጠቅማል።

«ሌንስ በኋላ ይደርሳል፤ አንዱ ቦዲ ሁሉንም ይሠራል»

ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ። እዚህ ከተማ ለፎቶ አንሺ የሚመጡ ሥራዎች ከካሜራ የሚፈልጉት ነገር አይመሳሰልም።

ከጥምቀት እንጀምር። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱት በሕዝብ መካከል ነው፤ አቧራውም ግፊያውም ከባድ ነው። እዚያ ውስጥ ሌንስ መቀየር ሴንሰሩ ላይ አቧራ መጋበዝ ነው። የሚያስፈልገው ከሰፊ እስከ መካከለኛ ሩቅ የሚሄድ አንድ ዙም ነው፦ ክሮፕ ላይ 18-135፣ ፉል ፍሬም ላይ 24-105። በማግስቱ ውኃው ተባርኮ ወጣቶች መዝለል ሲጀምሩ ጠብታውን አየር ላይ ለማስቆም ቢያንስ 1/1000 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ በጠዋቱ ብርሃን አይሶ 400 እና ኤፍ 5.6 አካባቢ ይህን ያስገኛል። ብርሃን ስላለ የኪት ሌንስ ጠባብ አፐርቸር (ቀዳዳ) እዚህ አይጎዳም፤ ፉል ፍሬምም የተለየ ነገር አይጨምርም። ጉዳቱ ከውኃው ነው። 7ዲ ማርክ 2፣ ዲ500 እና 5ዲ ማርክ 3 ከአቧራና ከጠብታ የሚከላከል ጎማ አላቸው፤ ነገር ግን መከላከያ የሌለው ሌንስ ከተገጠመባቸው ውኃው በሌንሱ በኩል ይገባል። መከላከያ አለው ማለትም ቢረጭበት ይችላል ማለት እንጂ ቢጠልቅ አይበላሽም ማለት አይደለም።

ከካሜራው በላይ የጥምቀትን ፎቶ የሚያበላሸው ነጩ ልብስ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ምስሉ በነጠላና በጋቢ ሲሞላ ካሜራው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጩ ግራጫ፣ የሰዉ ፊት ደግሞ ጥቁር ይሆናል። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ምስሉን ማድመቂያና ማጨለሚያውን) ከ+0.7 እስከ +1 ማድረግ፣ ከዚያ የደመቀውን ክፍል የሚያበራ የሚያጠፋውን ማስጠንቀቂያ ከፍቶ ማየት ነው። ሙሉ ነጠላው ብልጭ ድርግም ካለ አንድ ሲሶ ስቶፕ መቀነስ። በሮው ማንሣት ደግሞ ለእርማት ቦታ ይሰጣል። በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ የዛፍ ሥሮች ግንቡን ባቀፉበት በኩል ፀሐይና ጥላ ተደባልቀው ይወድቃሉ፤ አንዱ ሰው ግማሽ ፊቱ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ይሆናል። እዚህ ላይ ጥላውን ኮምፒውተር ላይ ሲያነሡት የማይሻክር ሴንሰር ዋጋ አለው። በዚህ ዲ750 እና ዲ7200 ከ6ዲ እና ከ5ዲ ማርክ 3 ይሻላሉ፤ የሁለቱ ካኖኖች ጥላ በብዙ ሲነሣ መስመር መስመር ያለው ኖይዝ (ሻካራ ነጠብጣብ) ያወጣል። ዲ7200 ክሮፕ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስቱዲዮ ሌላ ዓለም ነው። ለምረቃ፣ ለፓስፖርት፣ ለቤተሰብ ፎቶ ብርሃኑን የሚያመጣው ፍላሹ ነው፤ አይሶ 100፣ ኤፍ 8፣ 1/125 ተደርጎ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ካኖን 600ዲ እና አዲሱ ፉል ፍሬም በ20 በ30 ህትመት አይለዩም። ብሩ ወደ ሁለት ፍላሽ፣ ወደ ሶፍት ቦክስ (ብርሃን ማለስለሻ) እና ወደ ጥሩ ማቆሚያ ይሂድ። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም ባትሪ ያለው ፍላሽ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። የሹተር ፍጥነቱ ከፍላሹ ጋር የሚስማማበትን ጣሪያም ማለፍ የለበትም፤ በ6ዲ 1/180፣ በአብዛኞቹ ሌሎች 1/200 ወይም 1/250 ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምስሉ ላይ ሰፊ ጥቁር መስመር ይመጣል፤ ብዙ ጀማሪ ፍላሹ የተበላሸ ይመስለዋል።

ስቱዲዮ ሊከፍት ለተነሣ ሰው አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልንገረው። ካኖን 2000ዲ፣ 4000ዲ እና 250ዲ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ላይ መካከለኛዋ የብረት ነጥብ የለቻቸውም። በእጅ ዳስሶ ማየት ይቻላል፤ ሌሎቹ ካሜራዎች ላይ መሀል ያለችው ክብ ነጥብ እዚያ ላይ ባዶ ፕላስቲክ ናት። ርካሾቹ ትሪገሮች ፍላሹን የሚያስነሡት በዚያች ነጥብ ብቻ ስለሆነ እነዚህ ላይ አይሠሩም። አዲስ በካርቶኑ ከተገዛ 2000ዲ ያገለገለ 600ዲ ወይም 700ዲ ለስቱዲዮ የሚመረጠው በዚህች ነጥብ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ የተከለከለ ነው፤ ሊከለከልም ይገባዋል። የጣሪያው መላእክት ግን አይንቀሳቀሱም። በትራይፖድ ለመሥራት ፈቃድ የተገኘ እንደሆነ አይሶ 100፣ ኤፍ 8፣ ሹተሩ ጥቂት ሰከንድ፣ በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ እና መስተዋቱ ቀድሞ እንዲነሣ ተደርጎ ሲነሣ ክሮፑም ፉል ፍሬሙም ጥርት ያለ ምስል ይሰጣሉ። በእጅ ብቻ ከሆነ ግን ፉል ፍሬም ከ35 ኤፍ 2 ጋር ይመረጣል፤ ይህ ለጸሐፊው የሚገባቸው ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ስሜን። ጭላዳ ዝንጀሮ ሰው ስለማይፈራ በ55-250 ይነሣል፤ እንዲያውም ሩቅ ሌንስ የያዘ ሰው ወደ ኋላ መሸሽ ይኖርበታል። ዋልያና ንስር ግን ሌላ ናቸው፤ ገደሉ ማዶ ይሆናሉ። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካኖን ክሮፕ ላይ የ640 ያህል እይታ ይሰጣል። በ6ዲ ያነሣ ሰው ያንኑ እይታ ለማግኘት ምስሉን ሲቆርጠው ከ20 ሜጋፒክሰሉ 8 ብቻ ይቀረዋል። 6ዲ በተጨማሪ 11 የፎከስ ነጥብ ነው ያለው፤ ከነዚያም ጠንካራዋ መካከለኛዋ ብቻ ናት፣ በሰከንድም 4.5 ምስል ነው። 7ዲ ማርክ 2 65 ነጥብ እና በሰከንድ 10 ምስል አለው። የኒኮኑ ዲ500 153 ነጥብና 10 ምስል። ሁለቱም ክሮፕ ናቸው፤ ሁለቱም ለዚህ ሥራ ከ6ዲ እጅግ ይበልጣሉ። «ክሮፕ የተማሪ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል።

በፋሲለደስ ስታዲየም ፋሲል ከነማን ለሚያነሣም መልሱ ያው ነው፦ 70-200 ኤፍ 2.8 በክሮፕ፣ ፎከሱ ተከታታይ በሆነው ላይ፣ ሹተሩ ከ1/1000 ሳያንስ።

ቪዲዮ ላይ ደግሞ የዋጋው ቅደም ተከተል ጭራሽ ይገለበጣል። ደንበኛ ዛሬ ከፎቶ ጋር ቪዲዮ ይፈልጋል። 5ዲ ማርክ 3 እና 6ዲ በቪዲዮ ጊዜ ፎከሳቸው ይንቀረፈፋል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ዲ750ም ያው ነው። ካኖን 70ዲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያመጣው ዱዋል ፒክሰል የሚባለው ፎከስ ያለው 80ዲ ሙሽራዋ ወደ ካሜራው ስትራመድ ለስለስ ብሎ ይከተላታል፤ ስክሪኑ ይዞራል፤ የማይክም የማዳመጫም መሰኪያ አለው። 2000ዲ የማይክ መሰኪያ እንኳ የለውም። በአብዛኞቹ ዲኤስኤልአሮች አንድ ቀረጻ ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ አያልፍም፤ ረጅም ሥርዓት የሚቀርጽ ሰው ሰዓት እያየ ራሱ አቋርጦ መጀመር አለበት፤ አለዚያ ካሜራው ቃል ኪዳኑ መሀል ላይ ያቆምበታል።

«ጎንደር ላይ ካኖን ብቻ ያዋጣል»

ግማሹ እውነት ነው። ካኖን የያዘው ስለሚበዛ ሌንስ፣ ባትሪና ቻርጀር መዋስ ይቀላል፤ ሰርግ ላይ ሁለተኛ ሆኖ የሚሠራ ሰው የአለቃውን ሌንስ መግጠም መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ከአንድ ቡድን ጋር የሚሠራ ሰው ቡድኑ የያዘውን ይያዝ።

ብቻውን ለሚሠራ ግን ከብራንዱ ይልቅ ሞዴሉ ይበልጣል። የካኖን ርካሾች የፍላሿ ነጥብ እንደጎደላቸው ከላይ አይተናል። የኒኮን ርካሾች ደግሞ፣ የዲ3000 እና የዲ5000 ቤተሰብ የሆኑት፣ ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም። ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛ አሮጌ 50 ኤፍ 1.8 ዲ ሌንስ ዲ3500 ላይ ሲገጠም ፎከሱ በእጅ ብቻ ይሆናል፤ ኤኤፍ ኤስ የሚል የተጻፈበት መሆን አለበት። ዲ7200 እና ዲ750 ሞተሩ ስላላቸው ሁለቱንም ይሠራሉ፤ ሁለት የኤስዲ ካርድ መግቢያም አላቸው። ሰርግ ለሚሠራ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ቀኑ በሌላው ይተርፋል። 6ዲ እና 80ዲ አንድ መግቢያ ብቻ ነው ያላቸው።

«ሹተር ካውንቱ ካነሰ በቂ ነው»

ሹተር ካውንት መታየት አለበት፤ እዚህ ድረስ እስማማለሁ። 6ዲ እና 80ዲ ለ100 ሺህ፣ 5ዲ ማርክ 3፣ ዲ750 እና ዲ7200 ለ150 ሺህ፣ 7ዲ ማርክ 2 እና ዲ500 ለ200 ሺህ ተፈትነዋል። ስለዚህ 50 ሺህ የሚለው ቁጥር ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም፤ ለ6ዲ ግማሽ ዕድሜ ነው፣ ለዲ500 ሩብ። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ውስጥ ስለሚያስቀምጠው በአንድ ምስል ይነበባል። አብዛኞቹ ካኖኖች ግን ፎቶው ውስጥ አያስቀምጡትም፤ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በፕሮግራም ነው የሚነበበው። ሻጩ ቁጥሩን በቃል ከነገረ አልነገረም።

ሹተሩ ግን የሚቀየር ዕቃ ነው፤ ሴንሰሩና ሌንሱ ላይ ያለው ጉዳት ይከብዳል። ቁጥሩ ቪዲዮውንም አይቆጥርም፤ ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራ ለሰዓታት ሲግል የዋለ ሴንሰር ይዞ ቁጥሩ 20 ሺህ ሊል ይችላል። ግዢ ላይ የሚደረገው ምርመራ 15 ደቂቃ አይፈጅም።

አፐርቸሩን ኤፍ 16 አድርጎ፣ ፎከሱን አውጥቶ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ማንሣትና በሙሉ ማጉላት ማየት። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ በንፋስ መንፊያ ይለቃል። ተጠርጎም በዚያው ቦታ የሚቀር መስመር ግን ጭረት ነው፤ እሱን መግዛት አይገባም። ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ዘግቶ ለ10 ሰከንድ አይሶ 800 ላይ ማንሣት፤ ጥቂት የሚያበሩ ነጥቦች ያለ ናቸው፣ ከዋክብት የተረጨ ከመሰለ ግን ሴንሰሩ ደክሟል።

ሌንሱን ከቦዲው አውጥቶ የስልክ መብራት ከኋላው ማብራትና በፊት በኩል ማየት። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ከታየ ሻጋታ ነው። የጎንደር ክረምት ረጅምና እርጥብ ስለሆነ ሦስት ወር ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ በዚህ ይያዛል። ጠርዝ ላይ ያለ ጥቂት ክር ምስል ላይ ባይታይም ይስፋፋል። የገዙትንም ለክረምቱ ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ጋር ማስቀመጥ ነው።

ካኖን 24-105 ኤፍ 4 የመጀመሪያው ስሪት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። በኤፍ 4 ብቻ አንሥቶ «ይሠራል» ማለት አይበቃም። አፐርቸሩን የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ሪባን ገመድ ከብዙ ዙም በኋላ ይበጠሳል። ሲበጠስ ኤፍ 4 ላይ ፎቶው ይነሣል፤ ኤፍ 8 ላይ ግን ካሜራው «ኤረር 01» ይላል። ስለዚህ 24 ላይ፣ 50 ላይና 105 ላይ በኤፍ 11 ደጋግሞ ማንሣት ነው።

5ዲ ማርክ 3 ወይም 7ዲ ማርክ 2 ከሆነ የሲኤፍ ካርዱን መግቢያ በመብራት ወደ ውስጥ ማየት፤ ቀጫጭን መርፌዎቹ አንዷ ከታጠፈች ካርዱ ይጠፋል ወይም ፋይሉ ይበላሻል። በመጨረሻ የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በ50 ኤፍ 1.8 ከ45 ዲግሪ በመካከለኛዋ ነጥብ አንዱን መስመር ፎከስ ማድረግ። ጥርት ያለው መስመር ከተመረጠው ፊት ወይም ኋላ ከሆነ ፎከሱ ተዛብቷል። 6ዲ፣ 5ዲ ማርክ 3፣ 7ዲ ማርክ 2፣ 80ዲ፣ ዲ7200፣ ዲ750 እና ዲ500 ሜኑ ውስጥ ማስተካከያ አላቸው፤ 700ዲ እና ዲ3500 የላቸውም፤ እነሱ ላይ የሚያስተካክለው ባለሙያ ነው።

«አቅም ያለው ሚረርለስ ይግዛ»

አቅጣጫው ትክክል ነው። ካኖንም ኒኮንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ለባለሙያ የሚሆን አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም። ሚረርለሱ ዓይን ለይቶ ፎከስ ያደርጋል፣ ቪዲዮው ይሻላል፣ በቅዳሴ ሰዓትም ያለ ድምፅ ያነሣል፤ የዲኤስኤልአር መስተዋት ድምፅ ጸጥታ ባለበት ቤተ መቅደስ እንደሚሰማ ሁሉም ያውቃል።

ነገር ግን ለብዙዎቹ የዚህ ከተማ ሠራተኞች አሁን የሚበጀው ሌላ ነው። ሌላው ዓለም ወደ ሚረርለስ ሲሄድ የተወው ዲኤስኤልአርና ሌንስ ገበያውን ሞልቶታል፤ ዋጋውም ወርዷል። ባትሪም አለ። ዲ750 በአንድ ባትሪ 1230 ምስል ያነሣል ተብሎ ይገመታል፤ ካኖን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሚረርለስ፣ ኢኦኤስ አር፣ 370። መብራት በሚቆራረጥበት ሰርግ ቤት ይህ ልዩነት ሁለት ሦስት ተጨማሪ ባትሪ ማለት ነው። ሳንቃ በር ወይም ጨነቅ ለሚያድር ሰው ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ የሌሊቱ ብርድ ባትሪውን ይቀንሰዋል፤ ትርፉን ባትሪ ከጃኬት በታች ሰውነት ላይ አስጠግቶ ማሳደር ግድ ይላል።

ዛሬ በዲኤስኤልአር ሌንስ ላይ የሚወጣ ብርም አይባክንም፤ ሆኖም ምርጫው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር (ሌንስን ከሌላ ዓይነት ቦዲ ጋር በሚያገናኝ ቀለበት) አዲሶቹ የካኖን ሚረርለሶች ላይ ከነፎከሳቸው ይሠራሉ። የኒኮን ኤፍቲዜድ አዳፕተር ግን ሞተር ስለሌለው ኤኤፍ ዲ የሚባሉት አሮጌ ሌንሶች ፎከሳቸው በእጅ ይሆናል፤ ኤኤፍ ኤስ የሆኑት ግን በራሳቸው ይሠራሉ። ኒኮን ይዞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለመሸጋገር የሚያስብ ሰው ከአሁኑ ኤኤፍ ኤስ የተጻፈበትን እየመረጠ ይግዛ።